ተጠራጣሪነት መቼ ነው የስብዕና መታወክ የሚባለው?

እህቴ፣ መንዝ ያለው ወንድምሽ ሰው አለማመኑ ጠባይ ነው ወይስ የስብዕና መታወክ (ሥር የሰደደ፣ ኑሮን የሚያናጋ የአስተሳሰብና የጠባይ ችግር) ብለሽ ጠይቀሻል። መጠርጠሩ ብቻውን በሽተኛ አያሰኘውም። ከጎረቤቱ ጋር የድንበር ክርክር ያለበት ገበሬ ቢጠነቀቅ ማን ይፈርድበታል?

ዋናው ነገር ጥርጣሬው የት የት እንደሚከተለው ነው። ዕድር ላይም፣ ገበያም፣ ከሚስቱም ጋር ያው ነው? ቡና የጠራውን ሁሉ «ምን ፈልጎ ነው?» ይላል? እውነቱን ቢያይም አይመለስም? ኑሮው እየተናጋ ከሆነ በጣም ያሳስባል።

ደግሞ መቼ ጀመረው? መታወኩ አብዛኛውን ጊዜ ከወጣትነት ይጀምራል። በፈረንጆቹ 2022 ሥራ ላይ የዋለው የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ለምሳሌ 2 ዓመትና ከዚያ በላይ መቆየቱን ያያል። በጉልምስናው ድንገት የመጣ ከሆነ ግን ሌላ ሕመም ወይም መጠጥ ሊሆን ይችላል። ሳትውዪ ሳታድሪ ደብረ ብርሃን ሐኪም ጋ ይዘሽው ሂጂ።