«ሁለተኛ መሬት ተገኘች» ሲባል ምን እንመልስ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከአዳማ ነው። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ በሰንበት ትምህርት ቤትም አገለግላለሁ። ሰሞኑን በቴሌግራም «ሁለተኛ መሬት ተገኘች» የሚል ቪዲዮ ሲዘዋወር ጓደኞቼ «እንግዲህ ዘፍጥረት ምን ሊባል ነው?» ብለው ያዙኝ፤ መልስ አጣሁ። እዚያ ሰው መሰል ፍጥረት ቢኖርስ ክርስቶስ ለእነርሱም ሞቷል ማለት ነው? አያቴ ደግሞ ማታ ማታ ሰማይ ሳይ «ኮከብ መቁጠር ነው፣ ተው» ይሉኛል። ኃጢአት ነው?

መልስ፦ ልጄ፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልህ። ወደ ዘፍጥረት ከመግባትህ በፊት ጓደኞችህን ሁለት ነገር ጠይቃቸው፦ የፕላኔቷ ስም ማን ነው? ምኗስ ተለካ? አብዛኛው ክርክር እዚሁ ላይ ይበርዳል።

ፀሐይን በሚመስል ሌላ ኮከብ ዙሪያ የምትዞር የመጀመሪያዋን ፕላኔት ሚሼል ማዮርና ዲዲዬ ኬሎ ያገኙት በ1995 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ)። ዛሬ ቁጥሩ ከ6,000 አልፏል። ይህን ማስተባበል አያዋጣም፤ የተለካ ነገር ነው። ነገር ግን ከእነዚህ ብዙዎቹን በዓይኑ ያየ የለም። ፕላኔቷ በኮከቧ ፊት ስታልፍ ብርሃኑ በጥቂቱ ይቀንሳል፤ የሚለካው ያ ነው። የእኛ መሬት በፀሐይ ፊት ስታልፍ ከሩቅ የሚያይ ቢኖር፣ ከ12,000 እጅ ብርሃን 1 እጅ ያህል ብቻ ጎድሎ ያገኘዋል፤ ያውም በዓመት አንድ ጊዜ፣ ቢበዛ ለ13 ሰዓት። የአጋጣሚ ጉድለት አለመሆኑን ለማረጋገጥ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ሲደገም ማየት ያሻል። ኬፕለር የተባለው ቴሌስኮፕ በ2009 የተላከው ለዚሁ ነበር። አራት ዓመት እንደሠራ በውስጡ እየተሽከረከሩ አቅጣጫውን ከሚጠብቁለት ጎማ መሰል ዕቃዎች ሁለተኛው ተበላሸና የመጀመሪያ ሥራው በዚያ ቆመ። የከዋክብቱም ብርሃን ከተጠበቀው በላይ የሚዋዥቅ ሆኖ ተገኘ። በመሬት መጠንና በመሬት ዓመት ልክ የሆነች ፕላኔት እስካሁን ብርቅ የሆነችው በዚህ ምክንያት ነው፤ ስለሌለች ነው ብሎ መደምደም ግን አይቻልም።

«መሬት መሰል» የሚለው ቃል ላይ ቆም በል። ብዙ ጊዜ ስፋቷ ለመሬት የቀረበ፣ ከኮከቧም ያላት ርቀት ውኃ ሊፈስባት የሚችልበት ነው ማለት ነው፤ ከዚያ አያልፍም። በ2015 «የመሬት ዘመድ» ተብላ የተወራላት ኬፕለር 452ቢ ዓመቷ 385 ቀን፣ ስፋቷ ከመሬት 1.6 እጥፍ ግድም ነው፤ ክብደቷ ግን አልተለካም። አለት ትሁን ጋዝ በምን ይታወቃል? ቬነስን ተመልከት፤ በስፋቷ ከመሬት ጋር እኩል ልትሆን ምንም አልቀራት፣ ገጿ ግን ወደ 460 ዲግሪ ይግላል። በዚያ መለኪያ ብቻ ቬነስም «መሬት መሰል» ናት።

በሌሎች ከዋክብት ዙሪያ ከተገኙት ሁሉ የምትቀርበን በ2016 የተገኘችው፣ ፕሮክሲማ ሴንታውሪ የተባለው ኮከብ ፕላኔት ናት፤ 4.2 የብርሃን ዓመት (ብርሃን በ4.2 ዓመት የሚጓዘውን ያህል) ትርቃለች። ከፀሐይ እስከ መሬት ያለውን ርቀት 37 ሳንቲ ሜትር ብናደርገው፣ የእርሷ ርቀት ከአዳማ አዲስ አበባ ያህል መሆኑ ነው። በ1977 የተላከችው የጠፈር መንኮራኩር ቮዬጀር 1 በዛሬ ፍጥነቷ ወደዚያ ብታመራ ከ70,000 ዓመት በላይ ይፈጅባታል። ኮከቡም ደግ ጎረቤት አይደለም፤ በየጊዜው የሚፈነዳው ጨረሩ የፕላኔቷን ከባቢ አየር ገፎት ሊሆን ይችላል።

ይህን ሁሉ ያልኩህ እምነትህን «ገና አልተገኘም» በሚል ላይ እንድትተክል አይደለም። እንዲያውም የምፈራልህ እርሱን ነው። ዛሬ «የለችም» ብለህ ብትከራከርና ነገ ብትገኝ፣ የሚፈርሰው የአንተ ክርክር ሆኖ ሳለ ጓደኞችህ የፈረሰው ወንጌል ይመስላቸዋል።

ወደ ዘፍጥረት እንምጣ። ሥነ ፍጥረት ስትማር 22ቱን ፍጥረታት ቆጥረሃል፤ የረቡዕ ፍጥረታት ሦስት ናቸው፤ ፀሐይ፣ ጨረቃና ከዋክብት። ልብ በል፣ ከዋክብት ሁሉ ተጠቅልለው እንደ አንድ ነው የተቆጠሩት። 6,000 ፕላኔት ስለተገኘ 22ቱ 6,022 አይሆኑም። መጽሐፍ ስለ ሰማይ ሠራዊት «እነዚህን የፈጠረ ማን ነው?» (ኢሳ. 40፥26) ብሎ ይጠይቃል እንጂ ዝርዝራቸውን ሊያስጠናን አልተጻፈም።

በተቃራኒው በኩል የሚሳሳቱም አሉ። ዕብራውያን 1፥2 ላይ «ዓለማትን በፈጠረበት» የሚለውን ይዘው «ይኸው፣ ሌሎች ፕላኔቶች ተጽፈዋል» የሚሉ ሰባክያን ሰምተህ ይሆናል። የግሪኩ ቃል ዘመናት ተብሎም ይተረጎማል፤ ፕላኔት ቆጥሮ የተጻፈ አይደለም። ኢሳይያስ 45፥18ን ጠቅሰው «ሰው እንዲኖርባት የተፈጠረች መሬት ብቻ ናት» የሚሉም እንዲሁ ናቸው፤ ቃሉ ስለ መሬት ይናገራል፣ ስለ ሌላው ዝም ይላል። መጽሐፍ ዝም ባለበት አንተም ዝም በል።

«ክርስቶስ ለእነርሱም ሞቷል?» ላልከው፣ ለሌለ ሰው ስም ማውጣት አይሁንብኝና፣ ሕይወት ያለበት ሌላ ፕላኔት እስከ ዛሬ አልተረጋገጠም። ቢኖር ግን አዲስ ፈተና አይሆንብንም። ከሰው ሌላ አእምሮ ያላቸው፣ በቁጥር የማይወሰኑ ፍጥረታት እንዳሉ ቀድሞም እናምናለን፤ መላእክት ናቸው። ሐዋርያውም «የአብርሃምን ዘር ይዞአል እንጂ የያዘው የመላእክትን አይደለም» (ዕብ. 2፥16) ብሏል። የመላእክት መኖር መስቀሉን አላሳነሰብንም። ጌታ የለበሰው የአዳምን ሥጋ ነው፤ የተነገረን የእኛ መዳን ነው። የሌላው፣ ካለ፣ የፈጣሪው ጉዳይ ነው።

አያትህ የሚሰጉት ግን ከመሬት ተነሥተው አይደለም። የሰውን ስም ቆጥሮ፣ ኮከቡን አስልቶ ዕድል መናገር የተከለከለ ነው፤ «ከሰማይ ምልክት አትፍሩ» (ኤር. 10፥2) ተብለናል። ሰማይን መርምሮ ማወቅ ግን ሌላ ነው። አባቶች የፀሐይንና የጨረቃን ዑደት ባያሰሉ ኖሮ ዐቢይ ጾም መቼ እንደሚገባ ማን ያውጅልን ነበር? የ19 ዓመቱን ንዑስ ቀመር፣ የ532 ዓመቱን ዐቢይ ቀመር፣ አበቅቴና መጥቅዕ የሚባሉት ሁለት ቁጥሮች ተደምረው 30 መሙላታቸውን የሚያስተምረውን ባሕረ ሐሳብ፣ ማለት የበዓላትና የአጽዋማት መቁጠሪያውን ትምህርት፣ ካልተማርክ ዘንድሮ ተማር፤ ለአያትህም አሳያቸው።

ሳልነግርህ የማላልፈው አለ። በ2019 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት አገሮች ኮከብና ፕላኔት እንዲሰይሙ ሲጋብዝ፣ ለኢትዮጵያ የደረሳት ኮከብ «ቡና»፣ ፕላኔቷ ደግሞ «አቦል» ተብላለች። ሌላ ከተገኘላት ቶና መባሏ አይቀርም! አቦል ክብደቷ ከጁፒተር ከ4 እጥፍ በላይ ስለሆነ መሬት መሰል አይደለችም፤ ቡናን አንዴ ለመዞር 2 ዓመት ከ9 ወር ያህል ይወስድባታል።

ቅርቡን ጎረቤት ማየት ከፈለግህ በግንቦት ከምሽቱ 3 እስከ 4 ሰዓት፣ ደመና በሌለበት ቀን፣ ከከተማው መብራት ወጣ ብለህ፣ ለምሳሌ ወደ ወንጂ በኩል፣ ወደ ደቡብ ዙር። ክንድህን ዘርግተህ ከአድማስ በላይ ሁለት ጭብጥ ያህል ለካ፤ እዚያ ጎን ለጎን ከሚታዩህ ሁለት ደማቅ ከዋክብት በስተግራ ያለው አልፋ ሴንታውሪ ነው። ፕሮክሲማ አጠገቡ ናት፤ እርሷ ግን ያለ ቴሌስኮፕ አትታይም። ብቻህን አትሂድ፤ አያትህንም አስፈቅድ።