ባንክ ልግባ ወይስ ከሰርቨሩ ጋር ልታገል?

ከአዳማ የጻፍሽልኝ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ከወረፋው አውጥቼ ያስቀደምኩት «ችግሩን ያመጣሁት እኔ ሳልሆን አልቀርም፤ ሙያው አይሆነኝም መሰለኝ» ስላልሽ ነው። ይህን ቃል ከስንት ጎበዝ ልጆች ሰማሁት! በሰማሁ ቁጥር ያንገበግበኛል።

ለሌሎች አንባቢዎች ጉዳይሽን ላሳጥረው። ከአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተመርቀሽ እዚያው ከተማ አንድ ድርጅት ሰርቨር ክፍል ውስጥ ስትሠሪ ሁለተኛ ዓመትሽ ነው። የደንበኞቻችሁ ቨርቹዋል ማሽኖች (በሶፍትዌር የተፈጠሩ ኮምፒውተሮች) ያሉት ሴፍ ክላስተር ላይ ነው፤ ሴፍ ዳታን በብዙ ሰርቨሮችና ዲስኮች ላይ በትኖ የሚያስቀምጥ ሶፍትዌር ነው። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ያረጁ ስናፕሾቶች (ዲስኩ በአንድ ቅጽበት የነበረበትን ሁኔታ የሚይዙ ቅጂዎች) በአንድ ስክሪፕት ይሰረዛሉ። ስክሪፕቱ ቶሎ ይጨርሳል፤ ጠዋት ግን ዳታቤዙ ይንቀረፈፋል፣ ስልኩ አያርፍም፣ አለቃሽም «ደግሞ ምን ነካካሽ?» ይሉሻል። አባትሽ በበኩላቸው አዲስ አበባ ሄደሽ ለባንክ ካሸርነት እንድትፈተኚ ይወተውቱሻል፤ የሁለት ታናናሾችሽ የትምህርት ቤት ክፍያ አንቺ ላይ ነውና።

ከሰርቨሩ እንጀምር። ስክሪፕቱ ሲጨርስ ሥራው አላለቀም። ስናፕሾቱ እንዲጠፋ ተመዘገበ እንጂ ገና አልጠፋም። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ኦኤስዲ (አንድ ዲስክ የሚያስተዳድር የሴፍ ፕሮግራም) በድርሻው ያሉትን ፒጂዎች (የዳታው ቁራጮች የሚመደቡባቸውን ቡድኖች) እየዞረ ለዚያ ስናፕሾት ሲባል የተያዙ ቅጂዎችን አንድ በአንድ ይጠርጋል። ሴፍ ይህን ስናፕትሪም ይለዋል። የአንድ ቴራባይት ምስል (የቨርቹዋል ማሽን ዲስክ) በ4 ሜጋባይት ሲቆራረጥ 262,144 ቁራጭ ይሆናል፤ ከእነዚህ ውስጥ ከስናፕሾቱ በኋላ የተለወጡት ሁሉ መጠረግ አለባቸው። አንድ ነገር ማጥፋት ደግሞ ራሱ መጻፍ ነው፦ ሮክስዲቢ በተባለው መዝገብ ውስጥ «ይህ የለም» የሚል ምልክት ይቀመጣል፤ ኮምፓክሽን የሚባለው የመዝገቡ ጽዳት እስኪያስወግደው ድረስ ፍለጋው በእነዚህ ምልክቶች ላይ እየተረማመደ ያልፋል። የእናንተ ሜታዳታ (ስለ ዳታው የሚያዘው ይህ መዝገብ) ከዳታው ጋር በአንድ ተሽከርካሪ ዲስክ ላይ ነው ብለሻል። ስለዚህ የዲስኩ ራስ በደንበኛውና በጠረጋው መካከል ሲመላለስ ያነጋል። ይህን አንቺ አላመጣሽውም።

አለቃሽን በክርክር አታሳምኛቸውም፤ በማስረጃ ግን ትችያለሽ። ጠዋት መንቀርፈፉ ሲጀምር ስንት ፒጂ ስናፕትሪም ላይ እንዳለ፣ ስንቱ ደግሞ ስናፕትሪም ዌይት ብሎ ተራ እንደሚጠብቅ መዝግቢ። የዲስኮቹን መዘግየትም አብረሽ ያዢ። ከዚያ ጠረጋውን የሚያስቆመውን ኖስናፕትሪም የሚባል ፍላግ (ማብሪያ ማጥፊያ) ለጥቂት ደቂቃ አብሪው። መዘግየቱ ከወረደ፣ ፍላጉን ስታነሺው ተመልሶ ከወጣ፣ ምክንያቱን ይዘሻል። ጠረጋው ቆሞም ካልወረደ የምልክቶቹን ክምችት ጠርጥሪ፤ ኦኤስዲዎቹን በተራ፣ አንድ በአንድ ኮምፓክት እያደረግሽ ልዩነቱን እይ። ፍላጉን ግን አብርተሽው እንዳትሄጂ፤ ያልተጠረገው እየተከመረ ቦታ ይበላል።

«የጠረጋውን የእንቅልፍ ጊዜ ከፍ አደረግሁት፣ ምንም አልተለወጠም፣ ያኔ ተስፋ ቆረጥኩ» ያልሽውም መልስ አለው፤ የእንቅልፍ ጊዜ ማለት ጠረጋው በየመሀሉ የሚያርፍበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ከወጣው ኩዊንሲ ከተባለው ሥሪት ጀምሮ የሴፍ ነባሪ ስኬጁለር (ሥራዎችን በተራ የሚያሰልፈው ክፍል) ኤምክሎክ ነው፤ ኤምክሎክ ሲሠራ ያ የእንቅልፍ ቅንብር አይሠራም። እጅሽ ትክክለኛ ቦታ ነበር፤ ሥሪቱ ነው የተለወጠው። መጀመሪያ የትኛው ስኬጁለር እንደሚሠራ አጣሪ። ከዚያ የኤምክሎኩን ፕሮፋይል ለደንበኛ ቅድሚያ ወደሚሰጠው ቀይሪ፤ አንድ ኦኤስዲ በአንድ ጊዜ የሚጠርጋቸውን ፒጂዎች ቁጥርም ከነባሪው 2 ወደ 1 አውርጂ። ከሁሉ በላይ ስረዛውን በአንድ ሌሊት ከመቆለል ቀኑን ሙሉ ጥቂት ጥቂት እያልሽ በትኚው። ሜታዳታውን ወደ ኤስኤስዲ ማዛወር ገንዘብ ይጠይቃል፤ ያንን ከማስረጃው ጋር አያይዘሽ ለአለቃሽ አቅርቢ።

ይህን ሁሉ በሁለት ገጽ ጻፊው፦ ምን ታየ፣ ምን ተጠረጠረ፣ በምን ተረጋገጠ፣ ምን ተለወጠ፣ ከለውጡ በፊትና በኋላ ቁጥሩ ስንት ነበር። እኔ ከሌሊት ፈረቃ ቴክኒሻንነት ተነስቼ እዚህ የደረስኩት እንዲህ ያለ የብልሽት ሪፖርት በመጻፍ ነው፤ ኋላም ሰው ስቀጥር ከሰርተፊኬቱ በፊት የምጠይቀው ይህንኑ ነበር። አዲስ አበባ አይሲቲ ፓርክ ውስጥ እንደ ራክሲዮና ዊንጉ ያሉ ዳታ ሴንተሮች ሥራ ጀምረዋል፤ ባንኮቹም የየራሳቸው ሰርቨር ክፍል አላቸው። ባንክ መግባት ካለብሽ በዚያ በር ግቢ።

ወደ አባትሽ ልምጣ። ለአንቺ አስበው እንደሚናገሩ አልጠራጠርም፤ ስሌታቸው ግን ልክ አይደለም። የባንክ ሠራተኛ በአነስተኛ ወለድ ብድር ያገኛል፣ እውነት ነው። አንቺ ግን ዛሬ የምትኖሪው ወላጆችሽ ጋ፣ ያለ ኪራይ ነው። አዲስ አበባ ስትገቢ የደመወዙን ጭማሪ የሚወስደው አከራይሽ ነው፤ ለታናናሾችሽ የሚተርፈው ከአሁኑ ሊያንስ ይችላል። ሁለት ዓመት ገንዘብ ስትቆጥሪ ከከረምሽ በኋላ ወደ ሰርቨር ክፍል የሚመልስሽ ቀጣሪ ማግኘትም ቀላል አይሆንም። ደግሞስ የልጆቹ ክፍያ ለምን የአንቺ ብቻ ዕዳ ይሆናል? በወር የምትችዪውን ቁርጥ አድርገሽ ለአባትሽም ለእናትሽም ንገሪያቸው፤ ቀሪው የወላጅ ድርሻ ነው። ይህን በመጻፌ የሚቀየሙኝ ወላጆች እንደሚኖሩ አውቃለሁ፤ ቢሆንም የመጀመሪያ ልጅ ስለሆነች ብቻ ሙያዋን የምትሸጥ ልጅ ማየት አልፈልግም።

ማስተርስ ልማር ወይ ያልሽውን ለጊዜው ተይው። ፕሮግራሚንግ ለመማር አዲስ ኮርስ አያስፈልግሽም፤ ስረዛውን የሚበትነውን ስክሪፕት በፓይተን በመጻፍ ጀምሪ። እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው ላልሽው፣ ሪፖርቱን በእንግሊዝኛም ጻፊው።

የባንኩ ምዝገባ በወሩ መጨረሻ ይዘጋል ብለሻል። እኔ ብሆን አልመዘገብም። ሪፖርቱን ስትጨርሺ የድርጅቱንና የደንበኞቹን ስም አውጥተሽ ላኪልኝ፤ ሲቪሽን በዚያ ላይ ተመሥርተን እናስተካክለዋለን።