ባሌ በዕቁቡ ብር ማሊያ ገዛ

«የምንኖረው ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ ነው። ባለቤቴ ባጃጅ ይነዳል፤ እኔ እንጀራ ጋግሬ ለሱቆች አስረክባለሁ። የ12 ዓመት ሴትና የ9 ዓመት ወንድ ልጅ አሉን። ልጄና አባቱ የአርሰናል ደጋፊ ናቸው። አምና ከገበያ ማሊያ ገዝቼለት ነበር። ዘንድሮ ጓደኞቹ ‹ያምናው ነው፤ ደሞ ፎርጅድ ነው› ብለው ሳቁበት። ሦስት ቀን ኳስ ልጫወት ብሎ አልወጣም። እኔ የትምህርት ቤት ክፍያ ይቅደም አልኩ። ባለቤቴ ግን ለዕቁብ ያስቀመጥነውን ብር ወስዶ ኦርጅናሉን ከነቁምጣው ገዛለት። ‹አዲስ አበባ ያለ ጓደኛዬ ላከልኝ› አለኝ። እውነቱን የሰማሁት ከዕቁቡ ሰብሳቢ ነው። ስጠይቀው ‹አንቺ ልጅነት አታውቂም› ብሎኝ ወጣ። በቅጡ ካልተነጋገርን ሁለት ሳምንት ሆነን። ሴቷ ልጄ እንኳን ምንም አትጠይቅም። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ከልጁ ልጀምር።

የ9 ዓመት ልጅ ማሊያ ሲጠይቅ «ከእነሱ ጋር ልቆጠር» ማለቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ሮበርት ቻልዲኒ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን አለባበስ አጥንቶ ነበር። የትምህርት ቤታቸው ቡድን ካሸነፈ ሰኞ ዕለት የዩኒቨርሲቲውን ስም የያዘ ልብስ ለብሰው የሚመጡት በዙ። ስለ ውጤቱ ሲጠየቁ ደግሞ፣ ቡድኑ ሲቀናው «አሸነፍን»፣ ሳይቀናው ሲቀር «ተሸነፉ» ወደማለት አዘነበሉ። ይህን እኛም በየሳምንቱ እናየዋለን። ለንደንን በዓይኑ ያላየ ሰው ከዲኤስቲቪ ቤት «አገባን!» እያለ ይወጣል። ለልጅሽ ደግሞ ይህ «እኛ» የሚባለው ነገር አባቱም ያለበት ነው። ስለዚህ ሲሳቅበት ያመመው ቀላል ነገር አይደለም።

ይህን ስል ግን ይገዛለት ማለቴ አይደለም። ይህ ገበያ ማብቂያ የለውም። ትልልቆቹ ክለቦች በየዓመቱ ማሊያ ይቀይራሉ። ያውም አንድ አይደለም፤ በሜዳቸው የሚለብሱት፣ ከሜዳቸው ውጪ የሚለብሱት፣ ሦስተኛም አለ። ጀርባው ላይ ስሙ የታተመለት ተጫዋች ከተሸጠ ደግሞ ደህናው ማሊያ ባንድ ቀን ያረጃል። በአገሩ በእንግሊዝ እንኳ ወላጆች ተቸግረውበታል። እ.ኤ.አ. በ2003 የአገሪቱ የንግድ ውድድር ተቆጣጣሪ፣ የማሊያ ዋጋ እንዳይወርድ ተስማምተዋል ባላቸው ድርጅቶች ላይ 18.6 ሚሊዮን ፓውንድ ቅጣት ጥሎ ነበር። ማንቸስተር ዩናይትድም ከተቀጡት አንዱ ነው። እኛ ጋ ደግሞ ኦርጅናሉ የሚመጣው በውጭ ምንዛሪ ነው። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ብር ምን ያህል እንደወረደ አንቺ በየቀኑ በገበያ ታዪዋለሽ። የባጃጅና የእንጀራ ገቢ ይህን ሩጫ ሊከተል አይችልም። ባለመቻላችሁ ማፈር የለባችሁም።

አሁን ወደ ባለቤትሽ። «አንቺ ልጅነት አታውቂም» ያለው ስድብ ቢመስልሽም፣ እኔ ከደብዳቤሽ ውስጥ በጣም የቆየሁበት ይህ አረፍተ ነገር ላይ ነው። ግምቴን ልንገርሽ። በካልሲ ኳስ፣ በባዶ እግሩ የተጫወተ ልጅ ነበር ይሆናል። እሱም አንድ ቀን ተስቆበት ይሆናል። እንዲህ ያለ አባት ልጁ ቤት ተቀምጦ ሲያይ ሒሳብ አይታየውም፤ ያ የድሮው ልጅ ነው የሚታየው። እስቲ ጠይቂው። ደክሞ ሲገባ አይደለም፣ ልጆቹ ፊትም አይደለም። አንድ እሁድ ወደ ፍቅር ሐይቅ ወጣ በሉና «አንተ በእሱ ዕድሜ እንዴት ነበርክ?» በዪው። ከዚያ ዝም ብለሽ ስሚው። ስለ ብሩ በዚያ ሰዓት አታንሺ።

ይህ ግን ጥፋቱን አይሰርዘውም። ከማሊያው ይልቅ «ጓደኛዬ ላከልኝ» ያለው ነው የጎዳሽ፤ ያውም ከሌላ ሰው አፍ ሰምተሽው። ዕቁብ የእምነት ነገር ነው፤ የጋራ ብር ደግሞ የጋራ ቃል ነው። ስለዚህ በሌላ ቀን፣ በረጋ ድምፅ፣ ይህን ንገሪው፦ «ለልጁ ማዘንህን እወድልሃለሁ። የዋሸኸኝ ግን አሞኛል። የዕቁቡን ብር እንዴት እንደምንሞላው አብረን እንይ።» ከዚህ በኋላ ሳትነጋገሩ ማውጣት የማትችሉትን የብር መጠንም ወስኑ።

ላንቺም የምለው አለኝ። ክፍያው ይቅደም ማለትሽ ልክ ነው። ግን በእነዚያ ሦስት ቀናት ለልጁ ራሱ ምን አልሽው? ብዙ ወላጆች «የለንም» ማለትን ይፈራሉ። «ሱቁ ተዘግቷል» ወይም «ነገ» ይላሉ። ልጅ ግን ያውቃል። የሚከብደው ወላጆቹ የደበቁት ነገር ነው። በቀጥታ ንገሪው፦ «ስለሳቁብህ አዝኛለሁ። ዘንድሮ ያለን ብር ለትምህርት ቤትና ለቤት ነው።» ያለቅስ ይሆናል። ያልቅስ፤ አጠገቡ ሁኚ። የተገዛውን አትንጠቁት። «አባትህ ዕቁባችንን በላ» የሚል ቃልም ጆሮው እንዳይገባ። ለወደፊቱ ማሊያ የሚገዛው በሁለት ዓመት አንዴ፣ ያውም እንዲቆይለት ሰፋ ያለ ቁጥር እንደሆነ ይነገረው። ሳልቫጅ ተራም ደህና ማሊያ ይገኛል፤ አብራችሁ ሄዳችሁ ፈልጉ። ሐዋሳ ከተማ እዚህ ሲጫወት ደግሞ አባቱ ይውሰደው። በ1996 እና በ1999 የሊጉ ሻምፒዮን የሆነ ክለብ ነው፤ ልጁ ይህን ላያውቅ ይችላል። አርሰናልን አያስረሳውም። ግን እዚያ «እኛ» ሲል ሜዳው ዓይኑ ሥር ነው።

መጨረሻ ላይ ስለ ሴቷ ልጅሽ። ስለ እሷ የጻፍሽው አንድ አረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ እኔን ያሳሰበኝም እሱ ነው። የ12 ዓመት ልጅ፣ ብር ባጠረበት ቤት፣ ምንም የማትጠይቀው ምንም ሳትፈልግ ቀርታ ላይሆን ይችላል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ዝምታችሁን ሰምታለች። ዛሬ ማታ ወንድሟ ሲተኛ አጠገቧ ቁጭ በይና፣ ብር ቢኖረን ምን ትፈልጊ ነበር ብለሽ ጠይቂያት። «ምንም» ካለችሽ ቶሎ አትነሺ።