ሞተርሆሙ ስንት ሜትር ነው? ሊብሬውስ ስንት ኪሎ ይላል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። የምኖረው አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ነው። እህቴ ከባሏና ከስምንት ዓመት ልጇ ጋር ፍራንክፈርት አጠገብ ትኖራለች። ዘንድሮ ለእኔና ለእናቴ ቪዛው ተሳክቶልን በክረምት ልንጠይቃት ነው፤ በእኛ ክረምት፣ በእነሱ በጋ ማለቴ ነው። ታዲያ ሞተርሆም፣ ያው አልጋና ወጥ ቤት ያለውን መኪና ተከራይተን ሮም ድረስ እንሂድ፣ ስንመለስ በፈረንሳይ በኩል እንዙር አሉን። አከራዩ ሁለት መኪና አሳይቷቸዋል። አንዱ ቁመቱ 2.89 ሜትር፣ ክብደቱ 3.5 ቶን ነው። ሌላው 3.15 ሜትርና 4.2 ቶን። ኪራያቸው ብዙም አይራራቅም። የእህቴ ባል "ትልቁ ይሻለናል፣ እንደ ልብ እንተኛበታለን" ይላል። የመንገዱን ክፍያ እኔ እችላለሁ ብዬ ቃል ገብቻለሁ። እኔ የማውቀው የአዲስ አዳማን የፍጥነት መንገድ ነው፤ እዚያ ግን በቁመትም በክብደትም ይለያያል ሲሉኝ ግራ ገባኝ። የትኛውን እንከራይ?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት የእህትዎ ባል የሁለቱንም መኪኖች ሊብሬ ፎቶ አንስቶ ይላክልዎ። የአውሮፓ ሊብሬ ላይ ኤፍ.1 እና ኤፍ.2 የሚሉ ሁለት ቦታዎች አሉ። ኤፍ.1 ፋብሪካው "ይህ መኪና ከነሰውና ከነዕቃው ከዚህ በላይ መክበድ የለበትም" ያለው ቁጥር ነው። ኤፍ.2 ደግሞ መኪናው የተመዘገበበት አገር የፈቀደው ነው። ብዙ ጊዜ ሁለቱ እኩል ናቸው። አንዳንዱ ባለቤት ግን ፋብሪካው ከ3.5 ቶን በላይ ያለውን መኪና በወረቀት ዝቅ አስደርጎ በ3.5 ያስመዘግበዋል። ኦስትሪያ እ.ኤ.አ. ከ2023 መጨረሻ ወዲህ በመርህ የምታየው የፋብሪካውን ቁጥር ስለሆነ ሁለቱንም ይዩ።

እኛ አገር ክብደት ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን የጅቡቲ መስመር መኪና ሚዛን ላይ ወጥቶ ስንት ኩንታል እንደጫነ ሲታይ ነው። የሞተርሆም ክፍያ እንደዚያ አይደለም። የሚታየው ወረቀቱ ነው። ባዶውን ቢሄድም ጢም ብሎ ቢሄድም ሊብሬው 4.2 ቶን ካለ መኪናው ባለ 4.2 ቶን ነው፣ አለቀ።

አሁን ስለ መንጃ ፈቃዱ ልጠይቅዎ፣ ምክንያቱም ይህ ካልተጣራ ሌላው ስሌት ሁሉ ከንቱ ድካም ነው። የእህትዎ ባል የያዘው ተራው የቤት መኪና መንጃ ፈቃድ፣ ማለትም "ቢ" ከሆነ የሚፈቅድለት እስከ 3.5 ቶን ብቻ ነው። ለ4.2 ቶኑ "ሲ1" ያስፈልገዋል። እ.ኤ.አ. ከ1999 በፊት ጀርመን ውስጥ የወጣ የድሮው ደረጃ 3 መንጃ ፈቃድ ካለው ግን እስከ 7.5 ቶን መንዳት ይችላል። ዛሬውኑ ደውለው ይጠይቁት። አከራዩ መኪናውን ሲያስረክብ መንጃ ፈቃድ ማየቱ አይቀርም፤ እናትዎን ይዘው እዚያ ቆመው "አይቻልም" ከሚባሉ አሁን ማወቅ ይሻላል።

ወደ መንገዱ እንምጣ። ከፍራንክፈርት ተነስታችሁ ጀርመንን እስክትወጡ ለሁለቱም መኪኖች አንድ ሳንቲም አትከፍሉም። እዚያ ከ3.5 ቶን በላይ የሚከፍለው የጭነት መኪና ነው፤ ሞተርሆም ምንም ቢከብድ ነፃ ነው።

ወደ ጣሊያን ለመሻገር ሁለት መንገድ አለ፣ በስዊዘርላንድ ወይም በኦስትሪያ። በስዊዘርላንድ እስከ 3.5 ቶን ያለው መኪና ቪኜት ይገዛል። ቪኜት ማለት እንደ እኛ ቦሎ መስታወት ላይ የሚለጠፍ ነው፤ አሁን በታርጋ ቁጥር በኢንተርኔትም ይገዛል። ዋጋው 40 የስዊዝ ፍራንክ ነው፣ የአጭር ጊዜ የሚባል የለውም፣ ለአንድ ቀን ብታልፉም ያው የዓመቱን ነው የምትከፍሉት። ከ3.5 ቶን በላይ የሆነ ሞተርሆም ግን ቪኜት አይገዛም፤ በቀን 3.25 ፍራንክ ታስቦበት፣ ቢያንስ 25 ፍራንክ ይከፍላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይገረማል። ለአንድ ሳምንት ብታሰሉት 22.75 ይመጣል፣ ስለዚህ ትንሹን 25 ፍራንክ ከፍላችሁ ታልፋላችሁ፤ ከባዱ መኪና ከቀላሉ አነሰ ማለት ነው! 17 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው የጎታርድ ዋሻም በዚያው ውስጥ ነው፣ ለብቻው አይከፈልበትም።

በኦስትሪያ በኩል ከሄዳችሁ ነገሩ ይገለበጣል። እስከ 3.5 ቶን ለጥቂት ቀን የሚሆን ቪኜት ይበቃል፣ ወደ ጣሊያን የሚያሻግረው የብሬነር መንገድ ላይ ግን ተጨማሪ ክፍያ አለ። ከ3.5 ቶን ካለፈ ግን "ጎ ቦክስ" የሚሏት ትንሽ ሣጥን የፊት መስታወት ላይ ትለጠፍና በሄዳችሁበት ኪሎ ሜትር ልክ ታስከፍላለች፤ ሒሳቡም በአክስል፣ ማለትም የግራና የቀኝ ጎማን በሚያያይዘው ብረት፣ ብዛትና ሞተሩ በሚያወጣው ጭስ ደረጃ ይለያያል። መንገዱን የሚሻገረው ብረት ሥር ስታልፉ ሣጥኗ አንድ ጊዜ "ጢጥ" ካለች ተከፍሏል። አራት ጊዜ ከጮኸች አልተከፈለም፤ ቸል ሳትሉ በቅርብ ያለው መሸጫ ጋ መሄድ ነው። እናትዎ ድምፁን ቢቆጥሩላችሁ ጥሩ ነው፣ ሹፌሩ ዓይኑ መንገድ ላይ ስለሆነ አንዳንዴ ያመልጠዋል።

ጣሊያን ስትገቡ ትንፋሽ ታገኛላችሁ። ሲገቡ ካርድ ይወስዳሉ፣ ሲወጡ በሄዱበት ልክ ይከፍላሉ፤ እኛ አዳማ መውጫው ላይ የለመድነው ዓይነት ነው። ክብደቱን የሚጠይቅ የለም። የሚለካው ከፊተኛው ጎማ በላይ ያለው ከፍታ ነው፤ እዚያ ላይ መኪናው ከ1.30 ሜትር ካልበለጠ "ኤ"፣ ከበለጠ "ቢ"። ጣሪያው የትም ይድረስ። ከዚያ ወዲያ የአክስል ብዛት ነው። ሁለቱም መኪኖቻችሁ ባለ ሁለት አክስል ከሆኑ "ቢ" ውስጥ ገብተው እኩል ይከፍላሉ፤ በ"ኤ" እና በ"ቢ" መካከል ያለው ልዩነትም ጥቂት ነው። ከኋላ ተጎታች ካሰራችሁ ብቻ አክስል ይጨምርና ዋጋው ከፍ ይላል።

ኪስ የሚነካው ፈረንሳይ ነው። እዚያ ቁመትም ክብደትም ይታያል። እስከ 2 ሜትርና እስከ 3.5 ቶን ያለው ደረጃ 1 ነው። ከ2 ሜትር በላይ ሆኖ 3 ሜትር ያልሞላው፣ ክብደቱም ከ3.5 ቶን ያልበለጠው ደረጃ 2። 3 ሜትር የሞላ ወይም ከ3.5 ቶን ያለፈ ደግሞ፣ ባለ ሁለት አክስል ከሆነ ደረጃ 3፣ ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆነ ደረጃ 4። "ወይም" የምትለዋን ቃል አስምሩባት። አንዱን ማለፍ ይበቃል። ክብደቱ 3.5 ቶን ሆኖ ቁመቱ 3.08 የሆነ መኪና፣ ለምሳሌ ከሹፌሩ ራስ በላይ አልጋ የተሠራለት፣ በቁመቱ ብቻ ከጭነት መኪና ጋር ይመደባል። በደፈናው ደረጃ 2 ከደረጃ 1 ግማሽ ያህል ይጨምራል፤ ደረጃ 3 ደግሞ ብዙ መንገድ ላይ ከደረጃ 1 እጥፍ ያልፋል። ስለዚህ ባለ 2.89 ሜትሩ ደረጃ 2 ነው፣ ባለ 3.15 ሜትሩ በሁለቱም ምክንያት ደረጃ 3። ከኒስ ተነስታችሁ በሊዮን አድርጋችሁ ወደ ጀርመን ስትወጡ ክፍያው በየጣቢያው ስለሚደጋገም ልዩነቱ ኪሎ ሜትሩ በረዘመ ቁጥር ያድጋል።

የእኔ ምክር ትንሹ ነው፣ 2.89 ሜትሩ። ግን አንድ የምፈራው ነገር አለ፣ እሱም የእኛ ሰው የሻንጣ ነገር። እንዲህ ያለ መኪና ውኃው ሳይሞላ፣ ከነነዳጁና ከነሹፌሩ 30 ኩንታል ገደማ ሊሆን ይችላል፤ የእናንተን ትክክለኛ ቁጥር ከአከራዩ ይጠይቁ። የተፈቀደው 35 ነው። 5 ኩንታል ቀረ ማለት ነው። እርስዎ፣ እናትዎ፣ እህትዎና ልጁ ስትደመሩ 2 ኩንታል ከሩብ አትሞሉም እንበል። ከቀረው 275 ኪሎ ላይ 100 ሊትር ውኃ ከሞላችሁ 1 ኩንታል ሄደ። ከአዳማ የምትወስዱት በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቅቤና ድርቆሽ በሁለት ሰው አራት ሻንጣ ከሆነ ወደ 90 ኪሎ ነው። ለወንበር፣ ለጠረጴዛ፣ ለምግብና ለልጁ ብስክሌት 85 ኪሎ ብቻ ቀረ። በርበሬው እህትዎ ቤት ይውረድ፤ ለመንገድ የሚሆነውን ብቻ ቋጥሩ። ውኃውንም መድረሻ ላይ ሙሉት። የክፍያ ጣቢያው ወረቀት ነው የሚያየው ብያለሁ፣ ፖሊስ ግን ሚዛን አለው፣ ከልክ በላይ የጫነ ሞተርሆም ላይ ቅጣት አለ፣ ፍሬኑም እንደ ልብ አይዝም። የአልፕስ ቁልቁለት ላይ እናትዎን ይዛችሁ ነው የምትወርዱት።

የእህትዎ ባል "ሲ1" ካለውና ትልቁን የግድ ካለ፣ በስዊዘርላንድ ሂዱና ሮምን አይታችሁ በዚያው በስዊዘርላንድ ተመለሱ። ያኔ ትልቁ መኪና ብዙም አይጎዳችሁም። ፈረንሳይን ግን በሌላ ጊዜ።

ጥያቄ፦ የከባድ መኪና ሹፌር ነኝ፣ ከአዳማ። ክብደት መንገድ እንደሚጎዳ በዓይኔ አይቻለሁ። ቁመት ግን አስፋልቱን ምን ያደርገዋል? ሰው በጣሪያው ለምን ይከፍላል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ልክ ነዎት፣ አስፋልቱን የሚበላው ክብደት ነው፤ እሱም አክስል ላይ የሚያርፈው። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 ኢሊኖይ ውስጥ፣ ኦታዋ ከተማ አጠገብ የሙከራ መንገድ ሠርተው መኪና ሲያመላልሱበት ከረሙ። ያገኙት ነገር ያስደነግጣል። የአክስሉ ክብደት እጥፍ ሲሆን ጉዳቱ እጥፍ አይደለም የሚሆነው፣ ወደ 16 እጥፍ ይጠጋል። አንድ የጫነ ከባድ መኪና ከስንት ትንንሽ መኪና በላይ መንገድ እንደሚያደክም ከዚህ ይገመታል።

ታዲያ ቁመት ምን አመጣው? ቁመት ለመለካት ቀላል ስለሆነ ነው። መኪና ሳይቆም ጣሪያው ከ3 ሜትር ማለፍ አለማለፉን በብርሃን ጨረር ማወቅ ይቻላል። አክስሉም ሲያልፍ ይቆጠራል። ሊብሬ ላይ የተጻፈውን ኪሎ ግን ማሽኑ ከሩቅ አያነበውም። ረጅም መኪና ባብዛኛው ከባድ ነው ተብሎ ቁመቱ የክብደቱ ምትክ ሆነ። ጣሊያኖች ከፊተኛው ጎማ በላይ የሚለኩትም ለዚሁ ነው፤ የቤት መኪና እዚያ ጋ ያለው ዝቅ ያለ ኮፋኖ ነው፣ የጭነት መኪናና አውቶቡስ ግን ፊቱ ቀጥ ብሎ የቆመ ነው። ፖርቱጋልም እዚያው ቦታ ላይ ትለካለች፣ መስመሩን ግን ያደረገችው 1.10 ሜትር ላይ ነው። ክሮኤሺያ ደግሞ ጠቅላላ ቁመቱን ታይና ድንበሩን 1.90 ላይ ታሰምራለች። አንድ መኪና ድንበር በተሻገረ ቁጥር ደረጃው ይለዋወጣል። ፋብሪካዎችም ያውቁታል፤ ቮልስዋገን ካሊፎርኒያ የሚባለው ትንሽ ካምፐር ቁመቱ ከ2 ሜትር ትንሽ ዝቅ ያለው እንዲያው በአጋጣሚ አይመስለኝም።

እኔ በበኩሌ ይህ ፍትሐዊ ነው አልልም። ጣሪያው ከፍ ያለ ቀላል መኪና አስፋልቱን ሳይጎዳ ይከፍላል። የስዊዞች መንገድ፣ በወረቀቱ ክብደትና በቀኑ ብዛት ማስላቱ፣ ለእኔ የበለጠ ያስኬዳል።

ጥያቄ፦ ባለፈው ዓመት ፓሪስ ያለው ልጄ ጋ ሄጄ በተራ የቤት መኪናው ወደ ደቡብ ወረድን። ጣሪያው ላይ ፖርቶመጋላ አስሮ የዕቃ ሣጥን ጭኖበት ነበር። ማሽኑ ደረጃ 2 አለን፣ ከፈልን። ትክክል ነው?

መልስ፦ አይደለም እናቴ። እዚያ የሚቆጠረው የመኪናው የራሱ ቁመት ነው፤ ጣሪያ ላይ የታሰረ ሣጥን አይቆጠርም። ማሽኑ ግን ሰው አይደለም፣ ከፍ ያለ ነገር ካየ ከፍ ያለውን ይመድባል። መፍትሔው ከመክፈል በፊት ነው። የሚታየው ዋጋ ወይም ደረጃ ካላማራችሁ ካርዱን ሳታስገቡ የእርዳታ ቁልፉን መጫን፤ ድምፅ ይመጣል፣ መኪናው ደረጃ 1 እንደሆነና ሣጥን እንደጫነ መናገር ነው። ሠራተኛው በካሜራ አይቶ ያስተካክለዋል። ከኋላ ያለው መኪና ጡሩንባ ቢነፋም አትደናገጡ። አንዴ ከተከፈለ በኋላም ደረሰኙ ካለ ልጅዎ ለመንገዱ ድርጅት ከሊብሬው ቅጂ ጋር ይላክ።

ለፍራንኮዋ ጠያቂያችንም ይህች ትድረስ፦ ፈረንሳይ አንዳንዱ የክፍያ መስመር ላይ "2 ሜትር" የሚል ምልክትና አግድም የተንጠለጠለ ብረት አለ። እሱ ለትንንሽ መኪና ብቻ ነው። በ2.89 ሜትር መኪና እዚያ መስመር ውስጥ ከገባችሁ ወደ ኋላ መመለስ ትልቅ መከራ ነውና፣ ጣቢያው ከሩቅ ሲታይ አንድ ሰው ከፊት ተቀምጦ ምልክቱን ለሹፌሩ ያንብብለት።