ስለ ወንጀል ይግባኝ ጠይቁ፦ የአዳማው ጡረተኛ ሬጅስትራር ይመልሳሉ

ጠበቃ አይደለሁም። 24 ዓመት በመዝገብ ቤት ስለሠራሁ መዝገብ እንዴት እንደሚከፈትና እንዴት በከንቱ እንደሚቀር አውቃለሁ። የፍርዱን ቀን ሳትጽፉ አትጠይቁኝ።

የፍራንኮ ልጅ፦ ጋሼ፣ ወንድሜ በወረዳ ፍርድ ቤት 3 ዓመት ተፈረደበት። ይግባኝ በስንት ቀን ነው?

ጡረተኛው፦ ቀኑን አልጻፍክም! ይሁን። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 187 ሁለት ቀነ ገደብ አለው። ይግባኝ እንደምትሉ ለፈረደው ፍርድ ቤት ሬጅስትራር የምታስታውቁት ፍርዱ በተሰጠ በ15 ቀን ውስጥ ነው። ዝርዝር ቅሬታው ደግሞ የፍርዱ ግልባጭ በደረሳችሁ በ30 ቀን ውስጥ ይቀርባል። ሰው 30ን ይዞ 15ን ይረሳል። ግልባጩን በጽሑፍ ጠይቁ፤ ማኅተም ያረፈበት ቀሪ ያዙ፤ የተረከባችሁበትም ቀን ይጻፍበት። አንዲት እናት ሁለት ወር ሙሉ በየሰኞው እየመጡ በቃል ብቻ ጠይቀዋል። ጊዜው ሲያልፍ በእጃቸው አንዲት ወረቀት አልነበረችም። በአንቀጽ 191 ማስፈቀድ ይቻላል፤ ነገር ግን ጥፋቱ የይግባኝ ባዩም የጠበቃውም አለመሆኑን ማሳመን ያስፈልጋል። በምን ያሳምኑ?

ሻጭ፦ ዳኛው ማስረጃችንን አልቀበልም አሉ። ዛሬውኑ ይግባኝ እንበል?

ጡረተኛው፦ አይቻልም፤ አንቀጽ 184። ጥፋተኛ ከተባለ በዋናው ቅሬታ ታነሱታላችሁ። የዋስትና ክልከላ ግን ለብቻው ይግባኝ ይባልበታል፤ በ20 ቀን ውስጥ፣ አንቀጽ 75።

ቢሾፍቱ፦ አምኖ የተፈረደበትስ?

ጡረተኛው፦ በቅጣቱ መጠንና ሕጋዊነት ላይ ብቻ።

የወንጂዋ፦ ቅሬታውን በር ላይ ጃንጥላ ሥር ከሚጽፉት ባስጽፍስ?

ባለጋራዥ፦ እኔ አስጽፌ ያስቀርባል (ይግባኙ ይታይ፣ መልስ ሰጪው ይጠራ) ተብሎልኛል።

ወጣት ጠበቃ፦ ሦስት ገጽ ልመና ጽፈው ገንዘብ ይቀበላሉ!

ባለጋራዥ፦ አንተስ ለአንድ ገጽ የበሬ ዋጋ አትጠይቅም?

ጡረተኛው፦ የበሬ ገበያ አይደለም እዚህ። ማንም ይጻፈው፣ ፍርዱ የተሳሳተው የትኛው ነጥብ ላይ እንደሆነ በአጭሩ ይግለጽ። «የልጆች አባት ነኝ» ማለት ጥፋተኛነቱን አይሽረውም። እዚህ ኦሮሚያ ነው፤ ጽሑፉ በአፋን ኦሮሞ ይሁን።

ሞጆ፦ ወንጀሉ የፌዴራል ነው፤ የታየው ግን እዚሁ በክልሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። ወደ ፌዴራል እንሂድ?

ጡረተኛው፦ አትቸኩሉ። ከፍተኛው ፍርድ ቤት የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃውን ሥልጣን በውክልና ሲሠራበት፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 መሠረት ይግባኙ ለክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው።

አንባቢ፦ ይግባኝ በስንት ቀን ነው?

ጡረተኛው፦ ወዳጄ፣ ከላይ ያለው ለጌጥ አልተጻፈም።

የወንጂዋ፦ ባለቤቴ ይፈታል ይላሉ?

ጡረተኛው፦ ጠንቋይ አይደለሁም።

የፍራንኮ ልጅ፦ ጋሼ፣ ግልባጩን ጠይቀናል።

ጡረተኛው፦ በጽሑፍ?

የፍራንኮ ልጅ፦ ጸሐፊዋን እናውቃታለን፤ በስልክ ነገርናት።

ጡረተኛው፦ ፍርዱ መቼ ተሰጠ?

የፍራንኮ ልጅ፦ ዛሬ 13 ቀኑ።

ጡረተኛው፦ ነገ መዝገብ ቤቱ ሲከፈት በሩ ላይ ተገኙ። ወረቀት ይዛችሁ።