ግፊቴ 88/54 ነው፣ ልደንግጥ?

እህቴ፣ «88/54 አነበበ፣ ምንም አይሰማኝም፣ ግን ልቤና ኩላሊቴ ደም እያነሳቸው ይሆን?» ብለሽ ለጠየቅሽው፣ በፅኑ ሕሙማን ክፍል በነርስነት ካየሁት ተነስቼ ሰፋ አድርጌ ልመልስልሽ።

ከ90/60 በታች ሲሆን ዝቅተኛ ይባላል። ለኩላሊትና ለአንጎል ደም የሚገፋው ግን በአመዛኙ አማካይ ግፊቱ ነው። ከላይኛው ቁጥር ታችኛውን ቀንሰሽ ለሦስት አካፍዪ፣ የመጣውን ታችኛው ላይ ደምሪ፤ ያንቺ 65 ገደማ ይሆናል። በጠና ለታመመ ሰው እንኳ ብዙ ጊዜ መነሻ ግብ አድርገን የምንይዘው 65ን ነው። ስለዚህ ምንም ካልተሰማሽ ቁጥሩ ብቻውን አያስደነግጥም።

ግፊት ማለት ግን የሚፈሰው ደም መጠን አይደለም። ሰውነት የደም ሥሮቹን አጥብቦ ግፊቱን ሊያቆመው ይችላል፤ ደሙ ግን በበቂ ላይደርስ ይችላል። ለዚህ ነው ማሽኑን አይቼ ወዲያው ወደ ታማሚው የምዞረው። እጅና እግሩን እዳስሳለሁ። የጣቱን ጫፍ ነጭ እስኪሆን ተጭኜ እለቃለሁ፤ በ2 ሰከንድ አካባቢ ቀለሙ መመለስ አለበት (ብርድ ከሆነ ሊዘገይ ይችላል)። አነጋግረዋለሁ። ሽንቱን አያለሁ፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በሰዓት ቢያንስ 30 ሚሊ ሊትር ይጠበቃል።

86/50 ሆና እጇ ሞቆ፣ ሽንቷም እንደልብ እየወጣ ስታጫውተን የነበረች ቀጭን ወጣት አስታውሳለሁ። በአንጻሩ 112/70 የነበሩ አዛውንት ጉልበታቸው ላይ መረብ የመሰለ ሐምራዊ ቀለም ወጥቶ፣ እግራቸው በርዶ፣ የሽንት ከረጢታቸው ባዶ ሆኖ አግኝቻቸዋለሁ። ላይኛው ቁጥራቸው ለዓመታት 170 ገደማ ነበር፤ ኩላሊታቸው ያንን ስለለመደ ለሌላው ጤናማ የሆነው ለእሳቸው አነሰ። የአንቺ የወትሮው ስንት ነው? ከዛሬው ቁጥር ይልቅ እሱን ማወቅ እፈልጋለሁ።

እንደገናም ለኪ። ለክንድሽ የሰፋ ማሰሪያ ወይም ከልብ ከፍታ በላይ የተነሳ ክንድ አሳንሶ ያነባል። 5 ደቂቃ አርፈሽ ተለኪ፣ ከዚያ ቆመሽ በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ ድገሚው። ላይኛው በ20 ወይም ታችኛው በ10 ከወረደ፣ ወይም ስትነሺ የሚያዞርሽ ከሆነ፣ የምትወስጃቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ይዘሽ ሐኪም አማክሪ፤ በራስሽ ግን አታቋርጪ።

ራስ መሳት፣ መደናገር፣ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ጥቁር ሰገራ ወይም ደም መፍሰስ፣ ትኩሳት ከብርድ ብርድ ጋር፣ የሽንት መጥፋት ከመጣ ግን ደግመሽ ልለካ ሳትዪ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። እርጉዝ ከሆንሽም ለሚከታተልሽ ሐኪም ዛሬውኑ ንገሪ።