ለገሃር ብቻ አትበሉ፦ ከአዳማ ወደ ጅቡቲ አሮጌ ከተማ

ጥያቄ፦ አዳማ የምንኖር አራት ጓደኛሞች ነን። ለገና ሰሞን በባቡር ጅቡቲ ሄደን ሁለት ቀን ለመቆየት አስበናል። ባሕር አይቶ መመለስ አይበቃንም፤ ፈረንሳዮች የቆረቆሩትን ከተማ በእግራችን ማየት እንፈልጋለን። ከየት እንጀምር? ስንት ሰዓትስ ይፈጃል?

መልስ፦ ወቅቱን መርጣችኋል። ከኅዳር እስከ የካቲት ድረስ በእግር መሄድ ይቻላል። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ግን ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ ከጥላ የሚወጣ ሰው የለም። ለአሮጌው ከተማ ሦስት ሰዓት ይበቃል፤ ሦስቱ ሰዓት ግን የጠዋት ይሁን። 1 ሰዓት ላይ ውጡ። ከቀኑ 7 ሰዓት ገደማ ከእኛ አገር የሚሄደው ጫት ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ እስከ 10 ሰዓት ቢሮውም ሱቁም ዝግ ነው።

መነሻችሁ ፕላቶ ዱ ሰርፓን የሚባለው ሰፈር ውስጥ ያለው አሮጌው ባቡር ጣቢያ ይሁን፤ ከተማዋን ከተማ ያደረጋት ወደቡና ባቡሩ ነውና። ዐፄ ምኒልክ ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ፈቃድ የሰጡት በ1894 እ.ኤ.አ. ነው። ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። አንድ ነገር ተጠንቀቁ፦ እናንተን የሚያወርዳችሁ አዲሱ ባቡር የሚቆመው ናጋድ ነው፤ ከመሃል ከተማ ይርቃል። ለባለታክሲው «ላ ጋር» ብቻ ካላችሁት (የእኛ «ለገሃር» የመጣው ከዚሁ ቃል ነው) መልሶ ናጋድ ሊወስዳችሁ ይችላል። የሰፈሩን ስም ጨምሩ፤ ዋጋውንም ሳትገቡ ተነጋገሩ።

ከጣቢያው ወደ ደቡብ ስትወርዱ ቀድሞ አውሮፓውያን ይኖሩበት ወደነበረው ሰፈር ትገባላችሁ። መሃሉ ላይ ያለው አደባባይ የዛሬ ስሙ «ሰኔ 27 ቀን 1977» ነው። ይህ በፈረንጅ አቆጣጠር የነጻነት ቀናቸው ሲሆን በእኛ ሰኔ 20 ቀን 1969 ዓ.ም. ላይ ይውላል። መንገደኛ ስትጠይቁ ግን «ፕላስ ሜኔሊክ» በሉ፤ የቀድሞ ስሙን የማያውቅ የለም።

እዚህ አትቸኩሉ፤ ቀና ብላችሁ ግድግዳውን እዩ። በረንዳዎቹ በቅስት የተሸፈኑት ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ እግረኛ ከሱቅ ሱቅ በጥላ እንዲሄድ ነው። ከቆዩት ሕንጻዎች ብዙዎቹ የተሠሩት በኮራል ድንጋይ ነው። ድንጋዩ በቀላሉ ይጠረባል፣ ሙቀትም ይከላከላል፤ ነገር ግን ቀዳዳ ስለሚበዛው ጨዋማውን እርጥበት ይመጥጣል። በኖራ ሲለሰን እርጥበቱ ይተነፍሳል። በሲሚንቶ ከተጠገነ ግን ውስጥ ይታፈናል፤ ጨውም እየጠጠረ ልስኑን ገፍቶ ይጥለዋል። ልጣጩ በሰፊው የወደቀበትን ግድግዳ ካያችሁ መጀመሪያ ሲሚንቶውን ጠርጥሩ።

የሕንጻ ወይም የቴምብር ዕድሜ ለመገመት ደግሞ የአገሩን ስም አንብቡ። «የፈረንሳይ ሶማሊ ጠረፍ» የሚል ከሆነ ከ1967 እ.ኤ.አ. በፊት ነው፤ «የአፋርና የኢሳ ግዛት» ካለ ከ1967 እስከ 1977 ባለው ጊዜ የተሠራ ነው።

ጉዞው የሚያልቀው ማሕሙድ ሐርቢ አደባባይ ላይ ነው። ቀድሞ የሚጠራው ሐረር ላይ ይነግድ በነበረው ፈረንሳዊ ገጣሚ በራምቦ ስም ነበር። በ1906 እ.ኤ.አ. የተሠራው ሐሙዲ መስጊድ እዚያው ነው፤ ከአጠገቡ ገበያው ይጀምራል። ወደ ውስጥ መግባት ከፈለጋችሁ ከስግደት ሰዓት ውጪ ጠባቂውን አስፈቅዱ፤ ዓርብ ግን አትሞክሩት። ሴቶች ነጠላ ይያዙ።

ጥያቄ፦ ፎቶ ማንሳት ያስጠይቃል?

መልስ፦ አዎ። ወደቡን፣ ቤተ መንግሥቱን፣ ወታደርና የጦር ሰፈር አያንሱ፤ ከተማዋ የብዙ አገር ጦር የሰፈረባት ናት። የቤተ መንግሥቱ አካባቢ ባሕር ዳር ስለሆነ ለፎቶ ያጓጓል፤ ስልክዎን እዚያ ኪስዎ ይክተቱት። አሮጌው ጣቢያም ዘበኛ ካለው አስቀድመው ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ከአዳማ ስነሳ ምን ምን ልያዝ?

መልስ፦ ፓስፖርትና ቪዛ ግልጽ ነው። ሰው የሚረሳው የቢጫ ወባ ካርድ ነው። ክትባቱ የሚጸናው ከተወጉ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ በዋዜማው ቢወጉ አይጠቅምዎትም። ባቡሩ በየቀኑ ስለማይነሳ መጀመሪያ የመመለሻውን ቀን አረጋግጠው ከዚያ ወደ ኋላ ይቁጠሩ፤ ሁለት ቀን ያሉት ሦስት ወይም አራት ሊሆን ይችላል። ከብትና ግመል ሐዲዱ ላይ ሲገባ ወይም መብራት ሲጠፋ ይዘገያል፤ ውሃና ስንቅ ይያዙ። በቀጠሮ ጊዜ ደግሞ ሰዓቱ ከእኛ ጋር አንድ ቢሆንም አቆጣጠሩ የፈረንጅ ነው፤ «8» ሲሉዎት የእኛ 2 ሰዓት ማለታቸው ነው። ዶላር ከያዙ ሂሳቡ ቀላል ነው፦ የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር የታሰረ ሲሆን 1 ዶላር ወደ 177 ፍራንክ ይሆናል፤ ከዚህ በጣም ዝቅ አድርጎ የሚመነዝር ካገኙ ሌላ ጋ ይሂዱ።